ውሃ መጣ ያልኩበት ሆቴል

ደስ ብሎኛል። ይህን ከሁሉም በፊት ልናገረው፤ ወደ ታች ስትወርዱ የማለቅስበት ቦታ ስላለ፣ እዚያ ስትደርሱ ብዙ እንዳታዝኑልኝ።

ደስታው የጀመረው ማክሰኞ ከእረፍት በኋላ ነው። የአማርኛ መምህራችን ቲቸር አዜብ በክፍላችን በር አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ «የሆቴሉን ገጽ አንቺ ትጽፊዋለሽ» አሉኝ። እኔን። በጣታቸው ጭምር ነው ያሳዩኝ፤ ከኋላዬ የተቀመጠችው ልጅ እሷን መስሏት ልትነሳ ነበር፤ መልሼ በክርኔ አስቀመጥኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ለጥምቀት እንግዶች የምትታደል አንዲት ቀጭን መጽሔት ያዘጋጃል። ስለ ቤተ መንግሥቱ የሚጽፍ አለ፤ ስለ ምግብ የሚጽፍ አለ፤ ስለ ባጃጅ መንገድ የሚጽፍም አለ (ይኼኛው ልጅ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ስለሆነ ባጃጅ የሚያውቀው በድምፁ ነው)። ለእኔ የደረሰኝ «ኪሱ መካከለኛ የሆነ እንግዳና ኪሱ የሳሳ እንግዳ የት ይደሩ?» የሚለው ነው። ታላላቆቹ ሆቴሎች አይመለከቱኝም። እነሱ ስለ ራሳቸው በሚያብረቀርቅ ወረቀት ራሳቸው ይጽፋሉ።

ቲቸር አዜብ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። «በዓይንሽ ያላየሽውን አትጽፊም። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ ካላገኘሁት ደግሞ ገጹን ለጤና ክበብ እሰጠዋለሁ፤ ስለ እጅ መታጠብ ይጽፉበታል።»

«ስሜስ?» አልኳቸው።

«ከታች ይታተማል። ከነአባትሽ።»

ከነአባቴ። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናዘዝ፤ እስከ ማታ ድረስ ሰፈራችን ውስጥ ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ለባለ ሱቁ ነገርኩት። ለወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ነገርኳት፤ በወፍጮው ጩኸት መሐል ስለነበር ሦስት ጊዜ ነው የነገርኳት። ለታችኛዋ ጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉም ነገርኳቸው። እትዬ ሙሉ ራሳቸውን ላይ ታች ነቅንቀው ሲያበቁ፣ «እና ሆቴል ልትከፍቺ ነው?» አሉኝ። እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰው ካስታወቅሁ በኋላ ገጼ ላይ ስለ ሳሙና ቢጻፍ በየት በኩል አድርጌ ነው ወደ ቤት የምገባው?

እማዬ ስትሰማ መጀመሪያ «ሸጋ ነው» አለች። ከዚያ ሳህኑን አስቀመጠች። «ቆይ፣ ሆቴል ለሆቴል? አንቺ? ብቻሽን?»

ትክክል ናት። ጎንደር ላይ አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆቴል በር ላይ ከታየች ወሬው እሷን ቀድሞ ቤት ይገባል፤ ገብቶም ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። ስለዚህ ጠባቂ ተሾመልኝ። የአባቴ አክስት እማሆይ ወለተ ሚካኤል።

እማሆይ ከዳባት በላይ ካለ ገዳም ለዓይናቸው ሕክምና ወርደው እኛ ቤት ከሰነበቱ ወር ሆኗቸዋል። ቢጫ ቆብ፣ ቢጫ ነጠላ፣ ከእኔ የሚረዝም መቋሚያ፣ በቦርሳቸው ውስጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል። በሕይወታቸው ሆቴል ገብተው አያውቁም። «እሳቸው አብረውሽ ካሉ ማንም ምንም አይልም» አለች እማዬ። እውነቷን ነው፣ ማንም ምንም አላለም። ሁሉም ግን ዞሮ አየን።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። እዚህ ላይ የሆቴሎቹን ስም አልጠራም፤ በመጽሔቱ ላይ ስላለ እዚያ ታገኙታላችሁ። አንደኛውን ባለ መስታወቱ ልበለው። ፒያሳ ነው፤ ኪሱ መካከለኛ ለሆነው እንግዳ። ሁለተኛው ባለ በርሜሉ፤ መናኸሪያው አጠገብ ነው፣ ኪሱ ለሳሳው። ደብተሬ ላይ በማስመሪያ ሠንጠረዥ አስምሬያለሁ፦ አልጋ፣ ንጽሕና፣ ውሃ፣ ጸጥታ፣ ቁርስ። ብዕሬ ሁለት ነው፣ አንዱ ቢያልቅ ብዬ። ደራሲ ማለት እንዲህ ነው መሰለኝ፤ እንዲያውም ከቤት ስወጣ ብዕር ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነበር፣ እማዬ ነቀለችው።

ባለ መስታወቱ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው እማሆይን አየና እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። እኛ ምንም ሳንል ሳንቲም አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸውና «ይጸልዩልኝ፣ እማሆይ» አለ።

«የክርስትና ስምህ ማነው ልጄ?» አሉት እማሆይ።

«ገብረ መድኅን።»

እማሆይ የተሰጣቸውን በነጻ አይወስዱም። እዚያው ደፉ ላይ ቆመው መጸለይ ጀመሩ፤ ለእሱ፣ ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ በሩን ለሚገቡት፣ በሩን ለሚወጡት። ዘበኛው ኮፍያውን አወለቀ። አንድ ሻንጣ የሚጎትት እንግዳ ከውስጥ ሊወጣ መጣና አጎንብሶ ቆመ። ከውጭ ሁለት ሰዎች ሊገቡ መጡና እነሱም አጎነበሱ። እኔ «አልጋ ልናይ ነው የመጣነው» ልለው አፌን በከፈትኩ ቁጥር ሁሉም «አሜን» ስለሚል አብሬ አሜን እላለሁ። በመጨረሻ ስንገባ እንደ ታቦት ተሸኝተን ነው።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ፣ «ሲንግል ነው ደብል?» አለችን።

«ምን ትላለች?» አሉኝ እማሆይ።

«አልጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት ትላለች።»

እማሆይ ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡት። «እኔ መነኩሴ ነኝ፣ በያት።»

ለልጅቷ ሳስረዳ፣ ስለ መጽሔቱ ስነግራት፣ ከኋላ ቢሮ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ በላቸው ወጡ። ክራቫት አድርገዋል፤ በአንድ እጃቸው አንድ ስልክ፣ በሌላው እጃቸው ሌላ ስልክ አለ፤ እጅ ሊጨብጡን ሲሉ አንዱን ብብታቸው ውስጥ አስገቡት። «መጽሔት» የሚለውን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ራሳቸው መርተው ሁለተኛ ፎቅ አወጡን።

ክፍሉን ልመስክርለት፤ የሚያምር ክፍል ነው። ሁለት አልጋ፣ ነጭ አንሶላ፣ የሚዘጋ መስኮት፣ የሚበራ መብራት። ትራሱ ላይ ፎጣው ተጠምዝዞ ዳክዬ ሆኖ ተቀምጧል። እማሆይ ጎንበስ ብለው በደከመው ዓይናቸው ብዙ አዩት። «ምነው፣ ፎጣውን ምን በድሏቸው ነው እንዲህ ያሰቃዩት?» አሉና አንገቱን ይዘው ፈቱት፤ አጥፈውም አስቀመጡት።

አቶ በላቸው ስልካቸው ጠራና ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እኔም የሠንጠረዤ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ደረስኩ። ውሃ። ወደ መታጠቢያው ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት።

መጣ። እንዲያው በሙሉ ጉልበቱ፣ ንጹሕ፣ ነጭ ሆኖ መጣ።

አሁን የምነግራችሁን ጎንደሬ ያልሆነ ሰው ሞኝነት ይለው ይሆናል። ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፣ ያውም ተራው እሱ ደስ ባለው ቀን ነው፤ ሲመጣም ከታች ወደ ላይ እየተጎተተ ነው። እትዬ ሙሉ ግቢ ከደረሰ በኋላ እኛ ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ከታች ስመለስ የተከፈተ ቧንቧ ካየሁ ለእማዬ መደወል የእኔ ሥራ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሮ የሰፈሩ የውሃ ዘጋቢ ነኝ። የሚፈስ ቧንቧ ሳይ እጄ እኔን አይጠይቀኝም። ቧንቧው እየፈሰሰ፣ ስልኩ ጆሮዬ ላይ፣ አፌ ብቻውን፣

«እማ፣ ውሃ መጣ።»

ቀሪውን ልነግራት ነበር። እማዬ ግን «ውሃ መጣ» ከተባለች ቀሪውን ሰምታ አታውቅም። ዘጋችው።

መልሼ እንዳልደውል ደግሞ እማሆይ ደረሱብኝ። «ምነው ይፈሳል፣ ልጄ፤ ዕቃ አቅርቢ እንጂ» አሉ። ቧንቧውን መዝጋት ይቻላል፤ አሁን ሳስበው ይቻል ነበር። ያን ጊዜ ለሁለታችንም አልታየንም። እኛ ቤት ውሃ መጥቶ ቧንቧ የዘጋ ሰው ታይቶ አያውቅም። ማስታጠቢያውን ደፍነን ሞላነው። የልብስ ማጠቢያውን ባልዲ ሞላነው። የሻይ ማፍያውን፣ ሁለቱን ብርጭቆ፣ የአበባውን ማስቀመጫ (አበባው የፕላስቲክ ስለሆነ አልተቃወመም)፣ በመጨረሻም የቆሻሻ መጣያውን አጥበን ሞላነው። እማሆይ የጠበል ጠርሙሳቸውን አውጥተው አሰቡና መልሰው አስገቡት።

አቶ በላቸው ሲመለሱ እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ ነበር። በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ምንድን ነው የምትሠሩት?»

«ውሃ መጥታ ነው፣ ልጄ» አሉ እማሆይ በደስታ። «አንተም ዕቃህን አቅርብ እንጂ፣ ምነው ቆመህ ታያለህ?»

አቶ በላቸው መልስ ሳይሰጡ ቧንቧው አሳለ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ጭርር ብሎ ጸጥ አለ። ወዲያው ከጎናችን ያለው ክፍል በር ተከፈተና አንድ እንግዳ ፎጣ አገልድሞ፣ ራሱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ኮሪደሩ ላይ ብቅ አለ። «ወንድም፣ ውሃው» አለ፣ ማንን እንደሚያናግር ሳያይ።

መቼም እኛ በቀዳነው የሆቴሉ የውሃ ማጠራቀሚያ ሮቶ አይደርቅም፤ ሮቶው ድሮም በመጨረሻ ትንፋሹ ላይ ነበር። ጠዋት መምጣት የነበረበት የውሃ ቦቴ ዘግይቷል፤ አቶ በላቸው ኮሪደር ላይ ሲነጋገሩ የነበሩትም ከሾፌሩ ጋር ነው። ሰውየው የታጠበው እኛ በሞላነው ባልዲ ነው። እማሆይ በመጣያው የቀዳነውን ጭምር አቀበሉትና ወደ አቶ በላቸው ዞረው «አየህ፣ መቅዳት መልካም ነው» አሉ።

አቶ በላቸው ወደ ታች አውርደው አስቀመጡን። ከእንግዳ መቀበያው በላይ በትልቁ «24 ሰዓት ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ» የሚል ተሰቅሏል፤ እኔን ጀርባዬን ለእሱ ሰጥተው ነው ያስቀመጡኝ። ኬክ አዘዙልኝ። ለእማሆይም ሊያዙ ሲሉ እማሆይ በጾም ኬክ እንደማይቀምሱ ነገሯቸው። ጾመ ነቢያት ነው። አስተናጋጁ ኬኩ የጾም ስለመሆኑ ምሎልኛል፤ እኔም መሐላውን ወዲያው ተቀበልኩት። እማሆይ ግን እያንዳንዱን ጉርሻ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ በዓይናቸው ሸኙት።

«ያ የዛሬው ነገር፣ ድንገተኛ ነው» አሉ አቶ በላቸው። «ገጹ ላይ አይገባም አይደል?»

አፌ በኬክ ተሞልቶ ስለነበር አልመለስኩም። እሳቸው ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት። እኔም እንዲያ ይውሰዱት ብዬ ተውኳቸው፤ ይኸው ተናዘዝኩ።

ባለ በርሜሉ ሌላ ዓለም ነው። በቆርቆሮ በር ትገባላችሁ፤ ግቢውን ዙሪያውን የከበቡ ስምንት ክፍሎች፣ መሐል ላይ ክዳን ያለው ሰማያዊ በርሜል፣ ክዳኑ ላይ ጆግ። ባለቤቷ እትዬ ትርንጎ ናቸው፤ ዘበኛውም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ አንሶላ አጣቢውም እሳቸው ናቸው።

«ስለ ሆቴልዎ ልጽፍ ነው» አልኳቸው።

«የቱን ልትጽፊ?» አሉና ቁልፍ ይዘው ተነሱ። «አንድ ቁጥር በሩ ይጮኻል፣ ዘይት ቀብቼው እንቢ ብሏል። ሁለት ቁጥር አምፖሉ ደካማ ነው፤ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው አላስገባበትም። አራት ቁጥር ከመናኸሪያው ጎን ነው፤ ንጋት ላይ አውቶብሶቹ ጡሩምባ ሲነፉ እንግዳው የሚጠሩት እሱን ይመስለዋል። ስድስት ቁጥር ፍራሹ መሐሉ ጎድጉዷል፤ ሁለት ሰው ከተኛበት ይጣላል።»

እየጻፍኩ እጄ ደከመኝ። ባለ መስታወቱ ጋ ጉድለት ፍለጋ አልጋ ሥር ገብቻለሁ፤ እዚህ ጉድለቱ ራሱ ተሰልፎ መጣልኝ። «እሺ፣ ውሃስ አለ?»

«በርሜል አለ። በርሜሉ ውስጥ ያለውን ያህል አለ። ጠዋት ጠዋት ለሚታጠብ ሰው በድስት አሞቅለታለሁ።»

«ደህናው ክፍል የትኛው ነው?» አሉ እማሆይ።

ሦስት ቁጥርን ከፈቱልን። አንሶላው ተጠግኗል፤ ጠረኑ ግን ፀሐይ ላይ የዋለ ጨርቅ ጠረን ነው። እማሆይ አልጋውን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት፣ ተቀመጡበት፣ «እስቲ» ብለው ጋደም አሉ። እኔ ሠንጠረዤ ላይ «አልጋ» በሚለው ሥር «እጅግ የሚመች» ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃዬ ወዲያውኑ ማንኮራፋት ጀመሩ።

ስልኬን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ድምፁን አጥፍቼው ነበር፤ ደራሲ ሥራ ላይ ስልክ አያነሳም ብዬ። እማዬ አሥራ አንድ ጊዜ ደውላለች። በአሥራ ሁለተኛው አነሳሁት።

«የት ነው ውሃ የመጣው?» አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው። እማዬ ስትጮህ አልፈራትም።

«ሆቴል» አልኩ።

ከዚያ የሆነውን ነገረችኝ።

እኛ ሰፈር ውሃ መጣ ሲባል ሰው የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ የቆየውን ይደፋል። ጀሪካኑ ውስጥ የሰነበተው ውሃ ይሸታል፣ ሥሩ ደለል አለው፤ አዲሱ ከታች እስኪደርስ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ በአሮጌው ዕቃውን አለቅልቀህ፣ ገልብጠህ፣ አፉን ከፍተህ ትጠብቃለህ። እማዬ ደፍታለች። ከመድፋቷ በፊት ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ «ውሃ መጥቷል፣ ልጄ ደውላልኛለች» ብላ አውጃለች። እትዬ ሙሉ ቧንቧቸው አልሰጥም ሲላቸው «ዛሬ ከላይ ጀምሯል ማለት ነው» ብለው በርሜላቸውን ሳይቀር ገልብጠው በአመድ ፈትገውታል። አምስት ቤት። አንድ ጠብታ የለም። በማግስቱ ደግሞ የእትዬ ሙሉ ማኅበር ነው፤ ሃያ አራት ማኅበርተኛ ይመጣል፣ ወጥ አልተሠራም፣ ጠላው ውሃ ተጨምሮበት አልተዘለለም።

ያለቀስኩት እዚህ ጋ ነው። አሁን የት እንዳለሁ ስትጠይቀኝ መናኸሪያው አጠገብ ነው አልኳት። እትዬ ትርንጎ ባመጡልኝ ጆግ ፊቴን ልታጠብ ስል ውሃው አሳሳኝና ሳልታጠብ መለስኩላቸው።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት ባጃጅ በቆርቆሮው በር ላይ ቆመ። እማዬ ወረደች፣ እትዬ ሙሉ ወረዱ፣ ሦስት ጎረቤቶች ወረዱ፣ ከዚያ ቢጫ ጀሪካኖች ወረዱ፣ ወረዱ፣ አላለቁም።

«የታለች ጸሐፊዋ?» አሉ እትዬ ሙሉ። «ሆቴል ጻፊ ተባለች እንጂ ሰፈር አድርቂ ተባለች?»

«እትዬ ሙሉ፣ ይቅርታ…»

«ስምሽ ይታተማል ብለሽኝ ነበር። ታተመልኝ፤ በርሜሌ ላይ ታተመልኝ።»

እማዬ ጀሪካኖቹን ቆጠረች። ዓይኔን እንኳ አላየችም። ከስድቡ ሁሉ እሱ ባሰብኝ። እትዬ ትርንጎ ከበርሜላቸው ሁለት ጀሪካን ቀዱላቸው፤ ጆጉ ሥሩን ሲፍቅ ይሰማል። ከዚያ በላይ ቢሰጡ የራሳቸው እንግዶች ምን ይሆናሉ? በዚህ መሐል እማሆይ ነቅተው ከሦስት ቁጥር ወጡ። ነገሩ ሲነገራቸው አልደነገጡም።

«ውሃማ ዛሬ አይተናል» አሉ። «ባለ መስታወቱ ቤት። እንሂድ።»

ሄድን። ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ሰባት ሴቶች፣ ከፊት ቢጫ ቆብ፣ ከኋላ ቢጫ ጀሪካን። ባዶ ጀሪካን ሲጋጭ የሚሰጠውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ካፌ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሲያየን ወዲያው ተነሳና ወደየቤቱ መደወል ጀመረ፤ «ኧረ ውሃ መጥቶ መሰለኝ» ሲል የሰማሁት ሰው አለ። ልለምነው ፈለግኩ፤ እንዳይደፉ ንገራቸው ልለው። እማዬ በክንዴ ይዛ ጎተተችኝ።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ እግዜር ይስጠው ቦቴው ደርሶ ቱቦውን እየዘረጋ ነበር። አቶ በላቸው እኛን ሲያዩ ሁለቱንም ስልክ አንድ እጃቸው ላይ አደረጉ።

«እናቶች፣ ይኼ ሆቴል ነው እንጂ ቦኖ አይደለም።»

«ነገ ማኅበሬ ነው» አሉ እትዬ ሙሉ፣ ጀሪካናቸው ላይ እየተቀመጡ። ሲቀመጡ ሌሎቹም ተቀመጡ። የሆቴሉ መግቢያ በጀሪካን ታጠረ። ዘበኛው ገብረ መድኅን ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር።

አቶ በላቸው ወደ ጎን ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ነገር ብቻ ጻፊ» አሉኝ። «ሃያ አራት ሰዓት ውሃ አለ በይ። በቃ። እናቶች ሁሉም ይቀዳሉ።»

እማዬን አየኋት፤ አሁንም ወደ እኔ አታይም። እትዬ ሙሉን አየኋቸው፤ ጣታቸውን እያጠፉ የወጡን ሥራ በሰዓት ያሰላሉ። ደብተሬን ከፈትኩና «ሃያ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቴን ነው፣ ጽፌያለሁ። «አራት» ልል ስል ያ እንግዳ ታየኝ። ራሱ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በአንድ እጁ ግድግዳ፣ በሌላው መጽሔታችንን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ስሜን ይጠራል። ከነአባቴ።

ሰረዝኩት። በምትኩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ለአቶ በላቸው አነበብኩላቸው፦ «ሃያ አራት ሰዓት ውሃ አለ ይላሉ፤ ቦቴው ሲዘገይ ግን ይቋረጣል። ሆኖም እንዲያ ባለው ቀን እንኳ፣ ውሃ ላለቀበት ሰፈር ከራሳቸው አካፍለዋል።»

«አካፍለዋል?» አሉ።

«መጨረሻ ላይ ያለችው ዓረፍተ ነገር ገና እውነት አልሆነችም» አልኳቸው። «መምህሬ በዓይኔ ያላየሁትን እንዳልጽፍ ከልክለውኛል። ስለዚህ አሁን ካየሁት ትቆያለች፤ ካላየሁት እሷን ሰርዤ የመጀመሪያዋን ብቻ አስቀራለሁ።» ብዕሬን መስመሩ ላይ አሳረፍኩት።

አቶ በላቸው ብዕሩን አዩ። ጀሪካኖቹን አዩ። እማሆይ ከዳር ሆነው መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ያዩዋቸዋል። «ኬኬን በልተሽ?» አሉኝ በቀስታ።

«ኬኩ ጥሩ ነው። እሱንም ቁርስ በሚለው ሥር ጽፌዋለሁ።»

ሳቁ መሰለኝ፤ በአፍንጫቸው ነው። ከዚያ ወደ ቦቴው ዞረው፣ «በል፣ ቱቦውን መጀመሪያ ለእናቶች» አሉ።

ሁሉም ሞሉ። የመጨረሻውን ጀሪካን ከእማዬ ጋር አንድ አንድ እጅ ይዘን ስናነሳው ነው ያየችኝ። «ዳግመኛ ስትደውይ፣» አለች፣ «መጀመሪያ የት እንዳለሽ ነው የምትናገሪው።» ይኼ በእማዬ ቋንቋ ዕርቅ ነው። እትዬ ሙሉም ማግስቱን ከማኅበሩ ዳቦ ላኩልኝ፤ የላኩት ትልቁን አይደለም፣ ግን ላኩ።

ሰኞ ጠዋት ገጹ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ቲቸር አዜብ አነበቡት፣ «እጅግ» የሚሉትን ቃላት በሙሉ ሰረዙ (ስድስት ነበሩ)፣ ሌላውን ተዉት። ጸጥታ የሚፈልግ፣ ፎጣው ዳክዬ ቢሆንበት የማይከፋው ሰው ባለ መስታወቱ ይሂድ፣ ግን ቦቴው መምጣቱን ይጠይቅ፤ በጠዋት አውቶብስ ያለበትና በድስት የሞቀ ውሃ የማይንቅ ሰው ባለ በርሜሉ ይሂድ፣ ግን ስድስት ቁጥርን እንቢ ይበል ይላል። መጽሔቷ ወጥታለች። ገጽ ዘጠኝ ላይ ነኝ። ከነአባቴ።

ባለፈው ሐሙስ አቶ በላቸው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። መጽሔቷን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ይዘዋል። ዳይሬክተሩ ቢሮ ስጠራ እግሬ ሄደ እንጂ እኔ አልሄድኩም፤ መጽሔቷን ሊያስመልሱ ነው ብዬ ነበር።

«ሰው መጥቶ አልጋ አለ ወይ ብሎ አይጠይቀኝም» አሉኝ። «ቦቴው መጣ ወይ ነው የሚለኝ።»

«ይቅርታ…»

«ሁለተኛ ሮቶ አስቀመጥኩ። ሌላ ምን ላድርግ?» መጽሔቷን አውጥተው ገጽ ዘጠኝን በጣታቸው መቱት። «በይ አሁን ይህንንም ጻፊ። በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ይህን ገጽ ያነበበ ሁሉ ይምጣ። የፈለገው ክፍል ይግባ። የፈለገውን ቧንቧ ይክፈት።»

ይኸው ጻፍኩ። ተጋብዛችኋል። ፒያሳ ላይ ባለ መስታወት በር ስታዩ እሱ ነው፤ ዘበኛው ገብረ መድኅን ይባላል፣ እማሆይም ያን ቀን ይመጣሉ። ሁላችሁም ኑ፤ እንዲያው በዓይናችሁ ሳታዩ አትመኑኝ።

ጀሪካን ይዞ መምጣት ይቻል እንደሆነም ጠይቄላችኋለሁ። አቶ በላቸው ብዙ አሰቡበት፣ መስኮቱን አዩ፣ ጣራውን አዩ።

«አንድ አንድ» አሉ።